ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚመጣ ግርዶሽ፦ የአድማጮች ጥያቄና የዓይን ሐኪሙ መልስ

ረቡዕ ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 12፣ 2026) ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ትጋርዳለች። የጨረቃ ጥላ በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል አልፎ፣ ስፔንን አቋርጦ ማዮርካ ደሴት ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቀራት። ወደ ስፔን የባሕር ዳር ከተሞች ለመሄድ ያሰቡ አድማጮቻችን ደውለው ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ሐኪሙ እንዲህ መልሰዋል።

ከፍራንክፈርት፦ ዶክተር፣ ከነቤተሰቤ ማዮርካ ላይ፣ ፓልማ ከተማ ነው የምንሆነው። ሰዓቱ ስንት ነው?

መጋረድ የሚጀምረው በስፔን ሰዓት 19:38 ላይ ነው። ሙሉ የሚሆነው 20:31 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:31 ነው። የሚቆየው 1 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ልጆቹን ሽንት ቤት አስቀድማችሁ ውሰዱ።

ሆቴላችን ባሕር ዳር ነው። ከበረንዳችን እናየዋለን አይደል?

በረንዳዎ ወዴት ያያል? ሰው “ባሕር ዳር ነኝ” ካለ የጨረሰ ይመስለዋል። ፀሐይዋ የምትሆነው ከምዕራብ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብላ ነው፤ ፓልማ ላይ ከአድማስ ያላት ከፍታ ደግሞ 2 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። እጅዎን ዘርግተው አውራ ጣትዎን ያጋድሙ፤ ከአድማስ በላይ ያላት ቦታ ከጣትዎ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። የፓልማ ባሕር በደቡብ በኩል ነው፣ በሰሜን ምዕራብ የትራሙንታና ተራሮች ቆመዋል። ግርዶሹ ከተራራ ጀርባ ሊያልቅብዎ ይችላል።

ቫሌንሲያ የምትሄዱም አስቡበት፤ ባሕሩ በምሥራቅ ነው። አሸዋው ላይ ቆማችሁ ባሕሩን ስታዩ ግርዶሹ ከጀርባችሁ፣ በሕንፃዎቹ በኩል፣ ከአድማስ በላይ 4 እና 5 ዲግሪ ላይ ነው የሚሆነው። ላ ኮሩኛ 12 ዲግሪ ያህል ስላላት ለዚህ የተሻለች ናት፤ የአትላንቲክ ደመና ግን አይታመንም። ከሁሉ የሚሻለው አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ሰዓት መቆምና ፀሐይዋ የት እንዳለች ማየት ነው። በግርዶሽ መነጽር!

ከሮም፦ ስትጠልቅ እኮ ቀይ ናት፣ ዓይን አትወጋም። ሁሌም እናያታለን። መነጽሩ ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ ግርዶሽ በመጣ ቁጥር እሰማዋለሁ። የዘንድሮው ግን ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም የሚመጣው ልክ እርስዎ በሚሉት ሰዓት ነው። ወንድሜ፣ አልወጋኝም ማለት አልጎዳኝም ማለት አይደለም።

ዓይናችንን ከፀሐይ የምናዞረው ድምቀቷ ስለሚያውከን ነው። ዝቅ ስትል ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩ ይቀራል። በዚያ ላይ ጨረቃ አብዛኛውን ክፍሏን ስትሸፍን አካባቢው ይደበዝዛል፣ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፣ ዞር የማለት ፍላጎታችንም ይጠፋል። ሳትሸፈን የቀረችው ቀጭን ክፍል ግን እንደ ወትሮው ነው የምትነድደው። ምስሏ የሚያርፈው ፊደል በምናነብበትና የሰው ፊት በምንለይበት በሬቲናችን መካከል ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ጀንበሯን ገልመጥ አድርገው ያልፋሉ፤ በግርዶሽ ቀን ግን 50 ደቂቃ አፍጥጦ የሚቆም ሰው አለ።

ሬቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ሰውየው እየሳቀ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ስልኩን ሲያነሳ ከቃሉ መሐል ፊደል ጎድሎበት ያገኘዋል። ለዚህ የተረጋገጠ መድኃኒት የለንም። አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ጥቁር ነጥቡን ይዞት ይኖራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። አድማሱ ላይ ጭጋግ ካለ በትክክለኛው መነጽር ፀሐይዋ ጭራሽ ላትታይ ትችላለች። ያኔ ሰዉ “መነጽሩ አይሠራም” ብሎ ያወልቃል። አታውልቁ! ዙሪያው በአንድ ጊዜ ካልጨለመና ሰዓቱ ካልደረሰ ሙሉ ግርዶሽ አልሆነም። የሚወልቀው የመጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ ጠፍታ፣ ጨረቃ ጥቁር ክብ ሆና ነጭ አክሊል ሲከባት ብቻ ነው። በዚያች አንድ ደቂቃ በባዶ ዓይን እዩ፣ ደስ ይበላችሁ። ብርሃኗ ብልጭ ስትል ወዲያው መልሱት።

ከስቶክሆልም፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 የቀለበቱ ግርዶሽ ጊዜ እኛ ሰፈር በራጅ ፊልምና በሣፋ ውኃ ነው ያየነው። ማንም ምንም አልሆነም።

እርስዎ የሚያውቁት ምንም ያልሆኑትን ነው፤ የሆኑት እኔ ጋ መጥተዋል። በቀለበት ግርዶሽ ደግሞ መነጽር የሚወልቅባት አንዲት ሰከንድም የለችም።

የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ ጠርሙስ፣ ሲዲ፣ የመንገድ ላይ ጥቁር መነጽር፣ ሁሉም ድምቀቱን ቀንሰው ያዘናጋሉ እንጂ ጎጂውን ጨረር በበቂ አያስቀሩም። እንደገና ልበለው፦ አልወጋኝም ማለት አልጎዳኝም ማለት አይደለም። ውኃውማ በዚህ ግርዶሽ ይብሳል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ውኃ ጥቂቱን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ያም ቢሆን ለዓይን ብዙ ነው። ዝቅ ስትል ግን የረጋ ውኃ አብዛኛውን ይመልሰዋል። የባሕሩ ላይ ነጸብራቅም ያው ፀሐይ ነው።

አይኤስኦ 12312-2 የሚል የተጻፈበትን የግርዶሽ መነጽር ከታወቀ መነጽር ቤት ግዙ። ጽሑፉን ማንም ሊያትመው ስለሚችል ቤት ውስጥ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ በጣም ከደመቀ አምፖል በቀር ምንም መታየት የለበትም። የተጫረውንና የተበሳውን ጣሉት።

መነጽሩን አድርጌ በባይኖኩላር ብመለከትስ?

በፍጹም! ልጆች ሳለን በማጉያ መስታወት ወረቀት እናቃጥል የለ? መነጽሩም ዓይንዎም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ማጣሪያ የሚገጠመው በባይኖኩላሩ የፊት መስታወት ላይ ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ ከቤት አትውጪ ትለኛለች።

ፅንሱን የሚጎዳ የግርዶሽ ጨረር የለም። መነጽርሽን አድርጊና ውጪ፣ ለእናትሽም አንድ ግዢላቸው።

ከባርሴሎና፦ እኛ ጋ ከ99 በመቶ በላይ ይሸፈናል። ያው ነው አይደል?

አይደለም ልጄ። የቀረችው 1 በመቶ እንኳ ከሙሉ ጨረቃ በሺዎች እጥፍ ትደምቃለች። አክሊሉ አይታይም፣ መነጽርም አይወልቅም። ባቡር ይዘህ ታራጎና ድረስ ብትወርድ ሙሉው መስመር ውስጥ ትገባለህ፤ ስፔንን ያቋረጠ ግርዶሽ ቡርጎስንና ፓልማን ያጨለመው በፈረንጆቹ 1905 ነበር፣ እንግዲህ ለባቡር ትኬት አትሰስት።

ከአዲስ አበባ፦ እኛስ?

የዘንድሮው ለኢትዮጵያ አይታይም፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ጠልቃለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ግን በከፊል ታያላችሁ። ጂዳ ያላችሁ ደግሞ 6 ደቂቃ ያህል ሙሉውን ታገኛላችሁ፣ ያውም ፀሐይ ከፍ ብላ። መነጽሩን ከአሁኑ አስቡበት።

ከ2012ቱ ግርዶሽ ጀምሮ በቀኝ ዓይኔ መሐል ላይ ነጥብ አለ። መነጽር ብቀይር ይጠፋ ይሆን?

እስካሁን ዝም ማለትዎ አሳዝኖኛል። መነጽር አይቀይሩ፣ ጠብታም አይግዙ። በስልክ የምነግርዎ ነገር የለም፤ ነጥቡ ከግርዶሹ ይሁን ከሌላ በሽታ የሚለየው ሬቲናዎ ሲታይ ነው። በዚህ ሳምንት የሬቲና ሐኪም ጋ ይሂዱ።