ሞርተን አንደርሰን፦ ከዴንማርክ መጥቶ 382 ጨዋታ የተጫወተው ኪከር

[ምስል፦ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ፣ ሁለቱ ረጃጅም ቢጫ ቋሚዎች]

በኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ሊግ፣ ታሪክ ብዙ ጨዋታ የተጫወተው ማን ይመስላችኋል? ሞርተን አንደርሰን ነው፤ ኪከር፣ ማለትም ኳስ በእግሩ መትቶ ነጥብ የሚያስቆጥር ተጫዋች። 25 የውድድር ዘመን፣ 382 ጨዋታ። እስከ 17 ዓመቱ ግን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ያደገው ዴንማርክ ነው። ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር፣ ርዝመት ይዘል ነበር፣ እኛ የምናውቀውን እግር ኳስም ይጫወት ነበር።

በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተማሪዎች ልውውጥ ኢንዲያናፖሊስ መጣ። ለትምህርት ቤቱ ቡድን ኳስ መምታት ጀመረ። ከዚያ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1982 ደግሞ የኤን ኤፍ ኤሉ ቡድን ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ መረጠው።

[ምስል፦ ሦስት ተጫዋቾች በቦታቸው፤ እንቅስቃሴው በዝግታ]

እስቲ ሥራውን እንየው። ቡድኑ ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ኪከሩ ይጠራል። አንዱ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ይወረውራል። ሌላው ተንበርክኮ ይቀበልና መሬት ላይ አቁሞ ይይዛታል። ሦስተኛው ይመታል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ተከላካዮቹ ሊያግዱ እየዘለሉ ነዋ! ኳሷ ከአግዳሚው በላይ፣ በቋሚዎቹ መሃል ካለፈች 3 ነጥብ። የቋሚዎቹ ስፋት ከ5 ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም።

ድሮ ኪከሮች ፊት ለፊት ሮጠው በጫማቸው ጫፍ ነበር የሚመቱት። ሀንጋሪ የተወለደው ፒት ጎጎላክ በ1964 እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ከጎን መጥቶ መምታትን ወደ ፕሮፌሽናሉ ጨዋታ አስገባ። ከዚያ በኋላ እግር ኳስ እየተጫወቱ ላደጉ የውጭ ልጆች በሩ ተከፈተ። ያን ስቴነሩድ ከኖርዌይ፣ ጌሪ አንደርሰን ከደቡብ አፍሪካ መጡ። ሞርተንም በዚሁ በር ነው የገባው።

አጀማመሩ አላማረም። በመጀመሪያ ጨዋታው የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመታ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። ሌላው ቢሆን እዚያው ሊቀር ይችል ነበር። እሱ ግን ኒው ኦርሊንስ 13 የውድድር ዘመን ቆየ። በ1991 ከ60 ያርድ አስገባ፤ 55 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቡድኑ ሲያሰናብተው ወደ ተቀናቃኙ አትላንታ ፋልከንስ ሄደ።

[ምስል፦ ሜትሮዶም፣ ሚኒያፖሊስ]

ጃንዋሪ 17 ቀን 1999። ያሸነፈ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ይገባል። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ አትላንታን 27 ለ 20 ይመራል፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀርቷል። የሚኒሶታው ኪከር ጌሪ አንደርሰን ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም ዘመዳሞች አይደሉም። ጌሪ በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር 35 ሞክሮ 35ቱንም አስገብቷል። አሁን 38 ያርድ ላይ ቆሟል። ካስገባ ልዩነቱ አስር ይሆናል፤ በቀረው ሰዓት ያን መመለስ ከባድ ነው።

መታት። በግራ በኩል ወጣች።

አትላንታ ወዲያው ተችዳውን (ኳስ ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ፤ ከተከታዩ ምት ጋር 7 ነጥብ) አስቆጥሮ 27 እኩል ሆኑ። በተጨማሪ ሰዓት ተራው የሞርተን ሆነ። ርቀቱ ያው 38 ያርድ! በግራ እግሩ መታት፤ ገባች። አትላንታ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ይህን ጨዋታ ሳስብ ለጌሪ አንጀቴ ይበላል። ዓመቱን ሙሉ ሳይስት ቆይቶ ብዙ ሰው የሚያነሳበት ያችን አንዷን ኳስ ነው። የኪከር ሥራ ጭካኔው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ተጫዋች ቢሳሳት በሚቀጥለው እንቅስቃሴ ይክሳል። ኪከሩ ግን ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ሞርተን ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ጃያንትስ፣ በካንሳስ ሲቲ፣ በሚኒሶታም ጭምር ተጫወተ። በ2005 የሚጫወትበት ቡድን አልነበረውም። በ2006 በ46 ዓመቱ አትላንታ መልሶ ጠራው፤ በዚያው ዓመት የሊጉን የነጥብ ክብረ ወሰን ያዘ። ሲያቆም 2,544 ነጥብ ነበረው። በ2018 አዳም ቪናቲየሪ አለፈው፤ እሱም ኪከር ነው።

በሊጉ ታሪክ ብዙ ነጥብ ካስቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ሁሉም ኪከሮች ናቸው። ክብሩ ግን ለእነሱ ቶሎ አይደርስም። በሥራው ኪከር ብቻ ሆኖ የፉትቦል የዝና አዳራሽ የገባው የመጀመሪያው ስቴነሩድ ነበር፣ በ1991። ሁለተኛው ሞርተን ነው፣ በ2017። በሁለቱ መሃል 26 ዓመት! ይህ በእኔ እምነት ትክክል አልነበረም።