እሷ ለምን ትውጣ? እሱ ይውጣ!

እሺ ሰላም ሰላም፣ ዛሬ ቀጥታ እንግባ። ባል ሚስቱን ደበደበ፣ ጎረቤት ጩኸት ሰማ፣ ፖሊስ መጣ። ከዛስ? ለስንት ዘመን መልሱ "በቃ እህቴ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ዘመድ ጋ እደሪ" ነበር። ተመቺዋ በሌሊት ፌስታል አንጠልጥላ ትወጣለች፣ መቺው ሶፋው ላይ ይቀራል።

ቆይ በኳስ ላስረዳችሁ (ኳስ የማትወዱ ቻሉት፣ እኔ ያለ ኳስ ማስረዳት አልችልም)። ተከላካዩ ከኋላ መጥቶ የአጥቂውን ቁርጭምጭሚት አለው። ልጁ ሳሩ ላይ ይንከባለላል። ዳኛው እየሮጠ መጣ፣ ኪሱ ገባ፣ ቀዩን መዘዘና... ለተመታው ልጅ! "ለራስህ ደህንነት ነው ውጣ" አለው። ስታዲየሙ ዝም የሚል ይመስላችኋል? ወንበር ይነቀላል ወንበር! ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ዝም ብለን አየን። ደሞ ልብ በሉ፣ የስንት ጨዋታ ቅጣት የሚለውን ኮሚቴ በኋላ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ዳኛው ግን አሁኑኑ ነው የሚያስወጣው።

ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ላይ ያዋለችው ህግ በቃ ይሄ ነው። ፖሊሱ አደጋ አለ ካለ የቤቱን ቁልፍ ተቀብሎ መቺውን ያስወጣዋል፣ ዛሬ ላይ እገዳው 2 ሳምንት ነው፣ ከሷም 100 ሜትር መራቅ አለበት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ፖሊስ ተመልሶ ቼክ ያደርጋል፣ እሷ በዛ መሀል ፍርድ ቤት ካመለከተች ይራዘማል። የኢስታንቡል ኮንቬንሽንም (በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል የወጣ የአውሮፓ ስምምነት ነው) እ.ኤ.አ. በ2011 አንቀጽ 52 ላይ አስገብቶታል። ፈጠንኩ አይደል? ወደኋላ መልሱት፣ እግረ መንገዳችሁን ሰብስክራይብ።

አሁን ኮሜንት ላይ ያስቸገራችሁኝ ነገር። "ቤቱ በስሙ ነው እኮ፣ ንብረቱን ሊነጥቁት ነው?" አይ ወንድሜ! ካርታውን የነካ የለም። ቤቱ የሱ ነው፣ ግን ለጊዜው አይገባበትም፣ አለቀ። የክለቡ ፕሬዝዳንት ልጅም ቢሆን ቀይ ካየ ይወጣል እንጂ "ሳሩን ያስተከለው አባቴ ነው" አይባልም። ልብሱን፣ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል፣ ቻርጀር ከረሳ ከፖሊስ ጋር መጥቶ ይወስዳል። "የት ይደር ታዲያ?" ያላችሁም አላችሁ። ስታስቁኝ! እሷ በሌሊት ስትወጣ ይሄን የጠየቀ ነበር?

ኦስትሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደሞ ከቤት የተባረረው ሰው ቢያንስ 6 ሰዓት የምክር አገልግሎት መከታተል ግዴታው ሆኗል። ዓመታት የቆየ ዱላ በ6 ሰዓት ይለቃል? እኔ አይመስለኝም፣ ግን ከዜሮ ይሻላል። ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ፣ ስድብ ግን ዴሌት ነው።