ሞተር አልባው አውሮፕላን ለምን ክብደት ይጫንበታል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ-3-ኤፍ ብሎ ስለሚጠራው፣ በሬዲዮ የሚመሩ ሞተር አልባ አውሮፕላኖች በተዳፋት ላይ ስለሚያደርጉት የፍጥነት ውድድር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞተር ከሌለው በምን ኃይል ይሮጣል?

መልስ፦ ነፋስ ከባሕር ወይም ከሜዳ መጥቶ ገደል ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል። አውሮፕላኑ በዚያ አየር ውስጥ ሁልጊዜ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው፤ ነገር ግን አየሩ ራሱ ስለሚያነሳው ከፍታውን ሳያጣ ፍጥነት ያገኛል። ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ እየበረሩ በሁለት መስመሮች መካከል ያለውን 100 ሜትር 10 ጊዜ ያቋርጣሉ፤ ነፋሱ ጥሩ በሆነበት ቀን የተካኑት ይህን 1 ኪሎ ሜትር ከ40 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል።

ጥያቄ፦ ክንፉ ውስጥ የናስ ዘንግ ሲከቱ አይቻለሁ። የቀለለው አይሻልም ወይ?

መልስ፦ ለብዙ ጀማሪዎች ግራ የሚሆነው ይህ ነው። የከበደው አውሮፕላን የሚንሸራተተው ከቀላሉ ጋር በተቀራረበ ማዕዘን ነው፤ የሚለየው በዚያው ማዕዘን ላይ በበለጠ ፍጥነት መጓዙ ሲሆን፣ ክብደቱ በእጥፍ ቢያድግ ፍጥነቱ በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ቁልቁል መውረዱም በዚያው ልክ ስለሚፈጥን፣ ነፋሱ ከደከመ የተጫነው ሁሉ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ተራው እስኪደርስ ነፋሱን ሲያጠና ይቆያል፤ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ወደ ክንፉ ቱቦ ይገፋል፤ ከዚያም ሚዛኑ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ጭራው እንዳላጋደለ በሁለት ጣቶቹ ክንፉን ከሥር ደግፎ ያረጋግጣል። ደንቡ ጠቅላላ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይከለክላል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው?

መልስ፦ አብራሪው ከቆመበት ቦታ ሆኖ የመስመሩን ማለፊያ በዓይኑ መለየት ስለማይችል፣ በየመስመሩ የተቀመጠ ዳኛ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሲያልፍ የድምፅ ምልክት ይሰጠዋል። ቀድሞ የታጠፈ ሰው ድምፁን አይሰማም፤ ተመልሶ መስመሩን ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ በዚህም ውድ ሰከንዶች ይባክናሉ። እኔ እንደማየው ግን ብዙው ጊዜ የሚጠፋው ክንፉን ወደ ቁም አጋድሎ በሚዞርበት ቅጽበት ነው፤ አጥብቆ የጎተተ ፍጥነቱን ይገድላል፣ አስፍቶ የዞረ መንገዱን ያረዝማል።

ጥያቄ፦ ነፋሱ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ውድድሩ እንዴት ፍትሐዊ ይሆናል?

መልስ፦ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ እኔም ነፋሱ ሲደክም የተጠሩ ጎበዝ አብራሪዎችን አይቼ አዝኛለሁ። ደንቡ ነፋሱ በሰከንድ ከ3 እስከ 25 ሜትር እንዲሆንና አቅጣጫውም ከተዳፋቱ ፊት ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይወጣ ያዛል። በየዙሩ የቀደመው 1000 ነጥብ ሲያገኝ የሌሎቹ በሰዓታቸው ልክ ይሰላል፤ በቂ ዙሮች ከተበረሩም የእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ደካማ ውጤት ይሰረዛል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2012 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሩገን ደሴት ሲካሄድም የዕድልን ድርሻ የሚቀንሰው የዙሮቹ መብዛት ነበር።