በጫማ ውስጥ ያለች ጠጠር

እንደምን ሰነበታችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ለረጅም ዓመታት ከሰው ሸሽጌ የኖርኩትን ነገር ነው። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ ሃይማኖት ያስተምሩን የነበሩ አንድ ሰው፣ ክፉ ሐሳብ በልባችን ካለፈ ድርጊቱን እንደ ፈጸምነው እንደሚቆጠርብንና ቅጣቱም ለቤተሰባችን እንደሚተርፍ ነገሩን። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች። ሌሎች እንድትድን ሲጸልዩ እኔ ግን ያሳመምኳት እኔ ነኝ ብዬ፣ ከአልጋዋ ግርጌ ተንበርክኬ ምሕረት እለምን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጸሎቴ መካከል ሐሳቤ ውልፍት ባለ ቁጥር ከመጀመሪያው እደግመው ጀመር፤ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የነጋባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። የሚያውቁኝ ሁሉ ትጋቴን ያደንቁ ነበር። ከትምህርቱም ይልቅ የጎዳኝ ይህ አድናቆት ይመስለኛል፤ ሕመሜን ቅድስና ብሎ ስለ ሰየመልኝ እርዳታ መፈለግ ራሱ ክህደት ሆኖ ታየኝ።

ካደግኩ በኋላ ያከመችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ይህ ስክሩፑሎሲቲ እንደሚባልና ሃይማኖታዊ መልክ የያዘ የአስጨናቂ ሐሳብና የተደጋጋሚ ድርጊት ሕመም እንደ ሆነ አስረዳችኝ። ቃሉ የመጣው ትንሽ ስለታም ጠጠርን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው፤ በጫማ ውስጥ ገብታ አላራምድ የምትል ጠጠር አስቡ። የካቶሊክ ቅዱስ የሆነው የሎዮላው ኢግናጥዮስ በ1522 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስፔኗ ማንሬሳ ከተማ ሳለ የተናዘዘውን ኃጢአት ደጋግሞ እየተናዘዘ ዕረፍት ማጣቱን ስሰማ አለቀስኩ፤ ጭንቀቱ ከእምነቴ ማነስ የመጣ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሕክምናውን መናገር ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ጸልዬ፣ ልቤ ቢታወክም ሳልደግም፣ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ መቆየት ነበረብኝ። በመጀመሪያው ሌሊት ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰዓቱን እያየሁ ተቀመጥኩ፤ እስኪነጋ እናቴ የምትሞት መሰለኝ። ያንን ትምህርት ማመን ካቆምኩ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ልቤ ግን እንደዚያች የ9 ዓመት ልጅ ልብ ይመታ ነበር። ሊነጋጋ ሲል በረደልኝ። ከሳምንታት በኋላም የሚወስድብኝ ጊዜ እያጠረ ሄደ።

ባለሙያዋ እምነትሽን ተዪ ወይም ያዢ አላለችኝም፤ ሌላ ፈራጅ እንዳልጨመረችብኝ አልረሳላትም። ዛሬ ስፈልግ እጸልያለሁ፤ ሳልጸልይ የምተኛባቸው ሌሊቶችም አሉ።

ባለፈው ወር ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። እስክጨርስ ድረስ ምንም አልተናገረችም።

«ልጄ፣ ያ ሕመም እኮ አንቺ ሳትወለጂ የጀመረኝ ነው» አለችኝ።