ፓራውልት እንደ ሞተር የሚከፍልበት ባሕር፦ መለዋወጫ ከዱባይ እስከ ሞጆ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው የመኪና መለዋወጫ በመርከብ ስለ መላክ ነው፤ ዕቃው ዱባይ ከጀበል ዓሊ ወደብ ተነሥቶ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ከጻፋችሁልኝ ውስጥ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፦ «በኪሎ ስንት ነው?» በኪሎ አይደለም። ልድገመው፤ በኪሎ አይደለም። ባሕር ላይ የሚሸጠው ቦታ ነው።

ሁለት ዕቃ ላሳያችሁ። ይህ የኮሮላ የፊት ፓራውልት ነው። ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ከነካርቶኑ 6 ኪሎ እንበለው። ካርቶኑ ግን 180 በ60 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። አባዙት፦ 0.54 ሜትር ኩብ። ይህ ደግሞ እንጨት ላይ የታሰረ ሞተር ነው፤ 150 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ልኩ 100 በ80 በ80። አባዙት፦ 0.64 ሜትር ኩብ። አያችሁ? ልጅ የሚሸከመው ፕላስቲክና ሁለት ጎረምሳ የሚያቃስትበት ብረት ለመርከቡ እኩዮች ናቸው። እንዲያውም የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር ከሚጭኑት ዕቃ ሰብሳቢ ድርጅቶች ብዙዎቹ ከ1 ሜትር ኩብ በታች የሆነውን ሁሉ እንደ 1 ሜትር ኩብ ስለሚቆጥሩ፣ ለየብቻ ከላካችኋቸው ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ።

ይህ የማይዋጥለት ካለ ሚኒባስ እንሳፈር። ይህን ምሳሌ እወደዋለሁና ታገሡኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሞልቷል! የቀረው አንድ ሰው ነው!» ይላል። ትገባላችሁ፤ ውስጥ እንኳን ተሳፋሪ ሾፌሩም የለም። የጋራ ኮንቴይነር ማለት ይኸው ነው። ሙሉ ኮንቴይነር ለብቻቸው የማይሞሉ ሰዎች ዕቃ ተሰብስቦ በአንድ ሳጥን ይጫናል። ረዳቱ ዕቃ ሰብሳቢው ድርጅት ነው። «መርከቡ ሐሙስ ይነሣል» ይላችኋል። መርከቡስ ይነሣል፤ የእናንተ ኮንቴይነር ግን እስኪሞላ መጋዘን ተቀምጦ ይጠብቃል።

ሚኒባሱ ውስጥ የሚከፈለው ለወንበር ነው። ቀጭን ስለሆናችሁ ቅናሽ የለም። አንዲት እናት ትልቅ ባዶ መሶብ ይዘው ገቡና አጠገባቸው አስቀመጡት እንበል። ረዳቱ መሶቡን ሚዛን ላይ አያወጣም፤ «እማማ፣ መሶቡ ወንበር ይዟልና የሁለት ሰው ይክፈሉ» ነው የሚላቸው። ፓራውልት ማለት ያ መሶብ ነው። ብልህ እናት ታዲያ መሶቡን ባዶውን አይጭኑትም፤ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ውስጡ ይከቱታል። እናንተም ካርቶኑን ባዶ አትላኩት። በፓራውልቱ ጉድጓድ ውስጥ መብራቱን፣ መስተዋቱን፣ የበር እጀታውን በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ክተቱ። ፓራፋንጎ በፓራፋንጎ ላይ ይደረባል። ኮፈን ቁሞ ይታሸጋል። አየር ለመላክ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሳይ ያመኛል፤ እውነቴን ነው።

ሌላው ተሳፋሪ ደግሞ አንድ ወንበር ይዞ እግሩ ሥር ሁለት ኩንታል ጤፍ ይጭናል። ያን ጊዜ ረዳቱ ወንበሩን ይተውና ስለ ክብደት ያነሣል። ባሕሩም ላይ እንዲሁ ነው። ስሌቱ በሜትር ኩብ ወይም በቶን ነው፤ ከሁለቱ የበለጠው ይወሰዳል። ስድስት የፍሬን ዲስክ 30 በ30 በ30 በሆነች ካርቶን ውስጥ 45 ኪሎ ይመዝናል፤ ቦታው 0.027 ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ የበለጠው ቶኑ ነው፤ 0.045። መለዋወጫ ውስጥ ይህ የሚገጥማችሁ እንደ ዲስክ፣ እንደ ባሌስትራ ባለው ድፍን ብረት ላይ ነው። አውሮፕላንማ በመሶብ ላይ ጨካኝ ነው፤ ያ 6 ኪሎ ፓራውልት በአየር ሲሄድ በያዘው ቦታ ልክ 90 ኪሎ ተብሎ ይሰላል።

ከመውረዳችን በፊት አንድ ነገር ቀረ፤ ኬላው። አንዱ ተሳፋሪ መታወቂያ ከሌለው መኪናው በሙሉ ይቆማል። በጋራ ኮንቴይነርም አንዱ ያላስመዘገበው ባትሪ ወይም ኤርባግ ከተገኘ፣ የእናንተ ንጹሕ ዕቃ አብሮ ይቆማል። ባትሪና ኤርባግ አደገኛ ጭነት ናቸው፤ ሳይናገሩ መደበቅ አይቻልም። አሮጌ ሞተርና ካምቢዮም ዘይታቸው መፍሰስ አለበት፤ አለበለዚያ የሰው ካርቶን ላይ ይንጠባጠባል።

እሺ፣ ወረቀቱን ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የስሪት አገር ማረጋገጫ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (ዕቃው መርከብ ላይ ለመጫኑ የሚሰጠው ሰነድ)። በአራቱም ላይ ስም፣ ብዛትና ክብደት አንድ ይሁን። ሻጩ ኤፍ ኦ ቢ ካላችሁ የመርከቡ ኪራይ የእናንተ ነው፤ ሲ አይ ኤፍ ካላችሁ ኪራዩና ኢንሹራንሱ ዋጋው ውስጥ አለ። ሙሉ ኮንቴይነር ከሆነ ከሰኔ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደቱ ሳይቀርብ መርከብ ላይ አይወጣም። ባለ 20 ጫማው 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ዕቃችሁ ወደ 15 ከተጠጋ ሙሉውን የመከራየት ዋጋ ጠይቁ። የእንጨት ሳጥኑ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ይኑረው። የአገራችን ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በኢንሹራንሱና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነው፤ ስለዚህ ያ የፓራውልት አየር ቀረጥም ይከፈልበታል! ለቻናሉ ቤተሰብ ያልሆናችሁ እስቲ አሁን ሁኑ፤ ደወሏንም ተጫኗት። ነፃ ናት፤ ቀረጥ የለባትም።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልሄድ ነበር፤ ነገር ግን አንድ አስተያየት አላስተኛ አለኝ። ብዙ ሰውም ወዶታል። እንዲህ ይላል፦ «ኢንሹራንስ የሚባለው ብዝበዛ ነው። መርከቡ ካልሰመጠ ዕቃዬ ምን ይሆናል? ከሰመጠም ባለ መርከቡ ይክፈለኝ!»

ወንድሜ፣ ከኋላ ልጀምር። ባለ መርከቡ የሚከፍለው ገደብ አለው። ብዙ አገሮች በሚከተሉት፣ ሄግ ቪዝቢ በሚባለው የባሕር ጭነት ደንብ ካፒቴኑ መርከቡን ሲነዳ በፈጸመው ስሕተት ለደረሰ ጉዳት ባለ መርከቡ ተጠያቂ አይደለም። ተጠያቂ በሆነበት ጊዜም የዕቃው ዋጋ አስቀድሞ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ ካልተጻፈ በጥቅል ወይም በኪሎ የተወሰነ ጣሪያ አለው።

«ካልሰመጠስ?» ላልከው ደግሞ ኤቨር ጊቭንን አስታውስ። 400 ሜትር የሚረዝመው መርከብ መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ መንገዱን ዘጋ። በ6 ቀኑ ነፃ ወጣ። አልሰመጠም፣ አልተቃጠለም። ነገር ግን ባለ መርከቡ ጀነራል አቬሬጅ አወጀ፤ መርከቡንና ጭነቱን በጋራ ለማዳን የወጣውን ወጪ ባለ መርከቡም ባለ ዕቃዎቹም በንብረታቸው ዋጋ ልክ ይጋሩታል ማለት ነው። የተጫነው ከ18 ሺህ የሚበልጥ ኮንቴይነር ነበር። መርከቡም በካሳ ክርክር ምክንያት እስከ ሰኔ 30 ድረስ እዚያው ተያዘ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዋስትና ያላቀረበ ዕቃውን አይረከብም። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን የሚሰጥለት ኢንሹራንሱ ነው፤ የሌለው ጥሬ ገንዘብ ያስይዛል። ምንም ላልሆነ ዕቃ! ይህ ሕግ ከእንፋሎት መርከብ በፊት የነበረ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም፤ አትቆጡኝ።

በነገራችን ላይ ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ ስዊዝንም የቀይ ባሕር ደቡባዊ በር የሆነውን ባብ ኤል መንደብንም ሳያልፍ ነው ጅቡቲ የሚገባው። ከጀርመን በቀይ ባሕር በኩል የምታስመጡ ግን ሁለቱም መንገዳችሁ ላይ ናቸው።

ዝገትን ልንገራችሁና ልጨርስ። ኮንቴይነር ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጣሪያው ያልበውና ጠብ ጠብ ይላል። ያልተቀባ የፍሬን ዲስክ ሲከፈት ብርቱካናማ ሆኖ ነው የምታገኙት። ዘይት ቀቡት፣ በዘይት ወረቀት ጠቅልሉት፣ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣሉ። ሶማሌ ተራ የሚያራግፍ ነጋዴ ይህን ያውቃል፤ ለራሱ አንድ ዲስክ የሚያስመጣ ሰው ነው የሚረሳው።

ሞጆ ከገባ በኋላ ያለው የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ቀጣዩ ቪዲዮ እሱ ነው። እስከዚያው የዕቃችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ጻፉልኝ፤ ቁጭ ብዬ አሰላላችኋለሁ።