የሐኪሞች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር፦ ዳታው የታለ?

የተከበራችሁ አባላት፣ ፕሮፌሰሮቻችን፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን፣ ሻይ ቡናውን ለቻሉልን እናመሰግናለን፣ ሰዓቱ ስለሄደ ፕሮቶኮሉን በዚህ ልለፈው።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባል። ስልጠና ሰጥተናል፣ አዳዲስ ጥናቶች አንብበን የምንወያይበት ጆርናል ክለባችን አልተቋረጠም (ሦስት አራት ሰው ይዞም ቢሆን)፣ ስፔሻሊቲ የሚማሩት ረዚደንቶቻችን የጥናት ፖስተር አቅርበዋል፣ በነሱ በጣም ኮርቻለሁ። በቃ ይሄው ነው።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ሲያበሳጨኝ ወደከረመው ልግባ። ኮቪድ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፣ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ሲዘረጋበት ከመሃላችሁ እዛ የገባችሁ አላችሁ፣ ላብ በላብ ሆናችሁ የታካሚውን የደም ኦክሲጅን መጠን፣ ሳቹሬሽኑን፣ በእጃችሁ ስትጽፉ ያደራችሁ። እነዛ ኦክሲጅን ላይ የነበሩ ታካሚዎች ዛሬ እንዴት ናቸው? ሳንባቸው፣ ኩላሊታቸው፣ ስኳራቸው? ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩት ስንቶቹ ናቸው? የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ካለ ሚያዝያ 2015 ወዲህ ጠያቂም ጠፋ።

ባለፈው ጉባኤ በየእጃችን ያለውን የነዚህን ታካሚዎች ዳታ ባንድ ቋት እናድርግ ብለን በጭብጨባ ወሰንን። ከዛስ? አንዱ ክሊራንስ (የጥናት ፈቃድ) አልወጣም ይላል፣ ወጥቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን ከተደረገ ቆየ እኮ! ሌላው ላፕቶፔ ተበላሸ ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጭቅጭቁ ፈርስት ኦተር፣ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሙ ቀድሞ የሚጻፈው፣ ማን ይሁን ነው። በስንት ልመና አንድ ኤክሴል ደረሰን፣ ስንከፍተው ዕድሜ የሚለው ላይ ግማሹ በቁጥር ግማሹ «ጎልማሳ» ተብሎ ተሞልቷል፣ የስልክ ኮለሙ ደግሞ ባዶ ነው፣ ታካሚውን የት ብለን እንፈልገው?

ዳታ ባንድ ላይ ሲሆን ምን እንደሚሠራ በዴክሳሜታዞን እዩት፣ በየፋርማሲው የነበረ ርካሽ መድኃኒት ነው። ሰኔ 2012 ላይ እንግሊዞቹ ሪከቨሪ በተባለው የኮቪድ ጥናት መተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክሲጅን ላይ ካሉት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳዩ፣ ኦክሲጅን ለማያስፈልገው እንደማይጠቅምም ጭምር። ከ170 በላይ ሆስፒታሎች ባንድ ፎርም ስለሞሉ ነው እንዲህ ቶሎ የታወቀው፣ ሁሉም የራሱን የታካሚ ካርድ ታቅፎ ቢቀመጥ ኖሮ እኛም እስከዛሬ በግምት እንሰጥ ነበር።

ገንዘብ የለም የምትሉ ልክ ናችሁ፣ ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ከቆመ ወዲህ የውጭ ፈንድ መጠበቅ ከንቱ ነው። ግን ታካሚ ደውሎ «አሁን እንዴት ነዎት» ለማለት የሞባይል ካርድ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱን ደግሞ መዋጮ ብትከፍሉ እንችለው ነበር። የሂሳብ ሹሟን ስልክ እያያችሁ የማታነሱ፣ ዛሬም የቀራችሁ፣ ይሄን ቴሌግራም ላይ እንደምታነቡት አውቃለሁ። ዳታው እናንተ ጋር ነው። ሰላምታ ቀርቶብኝ ፋይሉን ላኩልኝ፣ በእናታችሁ!

የመጣችሁ፣ ፎርሙ በሩ ጋ አለ፣ ለምሳ ሳትወጡ ምን እንዳላችሁ ሙሉልን። የስም ቅደም ተከተሉን ነገር አጀንዳ 3 ላይ በግልጽ እንከራከርበታለን፣ ሳንወስን አንወጣም። ጉባኤው ተከፍቷል።