ቱቦውን ከለቀቀ በኋላ

እንደምን አረፈዳችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

እዚህ ጅማ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በጡረታ ላይ ያለ ሽማግሌ ሆኜ ነው። በወጣትነቴ መድፈኛ ነበርኩ። ቢኤም ላይ ሠርቻለሁ።

ቢኤም 21 ያላየ ካለ፣ ትልቅ የጭነት መኪና ያስብ። ጀርባው ላይ 40 ቱቦ ተደርድሯል። በየቱቦው 122 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሮኬት አለ። አርባውም በ20 ሰከንድ ገደማ ወጥተው ያልቃሉ። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ።

ልጆች «ዒላማህን ትመታ ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ ሮኬት ዒላማ አይመታም ልጆቼ። የሚመታው አካባቢ ነው።

ነዳጁ የሚነደው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ እንደተወረወረ ድንጋይ ነው፤ መንገዱን የሚያስተካክልለት የለም። ገና ሲወጣ ነፋስ ትንሽ ካዘነበለው፣ ያቺ ትንሽ ስህተት በሄደ ቁጥር እየሰፋች ትሄዳለች። ክፉ አይንካትና አጋሮን እንውሰድ። ከዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እስከዚያ በሚደርስ ሮኬት አንድ ዲግሪ ብቻ ብትስቱ ወደ 800 ሜትር ትስታላችሁ። 800 ሜትር ማለት በአንድ ከተማ ውስጥ ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ ነው። ፈጅር 5 የሚባለው የኢራን ሮኬት ደግሞ 90 ኪሎ የሚያህል ፈንጂ ተሸክሞ 75 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እዚያ ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ 1.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ወታደር በብዛት የሚተኩሰውም ለዚህ ነው። አንዱ ቢስት ሌላው ያገኛል በሚል ነው። ሜዳ ላይ ለተሰበሰበ ጦር ይሠራል፣ አልክድም። ሩሲያኖች የቢኤም ቀዳሚ የሆነውን ካቲዩሻ የተባለ ሮኬት ሐምሌ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. መጀመሪያ የተኮሱት ኦርሻ ባቡር ጣቢያ ላይ በታጨቀው የጀርመን ጦር ላይ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ሮኬትን መጀመሪያ ያየነው በቢኤም አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕረኞች በበቅሎ ጭነው ያመጡትን ሮኬት እሮጌ ላይ በፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊት ላይ ለቀውታል። ጀግናው ገብርዬ የወደቀው በዚያ ቀን ነው።

አሁን ወደ ከተማ ልምጣ። ሚያዝያ 24 እና 25 ቀን 1987 ዓ.ም. የክሮኤሽያ ሰርቦች በአገሪቱ ዋና ከተማ በዛግሬብ ላይ ኦርካን የሚባል ሮኬት ተኮሱ። ጭንቅላቱ ውስጥ የታጨቁት ትንንሽ ቦምቦች ከላይ ተበተኑ። 7 ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ቆሰለ። ያዘዘው መሪያቸው ሚላን ማርቲች ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኞቹ ይህ መሣሪያ ከዚያ ርቀት ተተኩሶ የተለየ ዒላማ ሊመታ አይችልም አሉ። ከተማው ውስጥ ወታደራዊ ዒላማ ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም አሉ። 35 ዓመት ተፈረደበት።

ያንን ፍርድ ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ዳኞቹ ያሉትን እኛ መድፈኞች ሥልጠና ላይ ነው የተማርነው። የተኮሰ ሁሉ ያውቀዋል። «መስሎኝ ነበር» የሚባል ነገር የለም።

እኛ ስንተኩስ አቧራውና ጭሱ ያጋልጠናል። ስለዚህ አርባው እንደወጣ ሞተር አስነስተን በፍጥነት ቦታ እንለቃለን። ስንት ጊዜ እንዲህ አደረግን። የወደቀበትን ግን አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁም።